ሎሌ፣ አሽከር፣ ሠራተኛ

ስለ ሥራ ሕግ ጽፎ በኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ ማቅረብ ለአንዳንድ አንባቢያን እንግዳ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ጉዳዩ የጠበቆችና የዳኞች፣ ቢበዛ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች እንጂ የባለቅኔ አይደለም የሚል አይጠፋም። ይህ ጸሐፊ ግን ነገሩን የሚያነሣው ከቃላቱ ጀምሮ ነው። «አሠሪ»፣ «ሠራተኛ»፣ «የሥራ ውል»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «ስንብት» የምንላቸው ቃላት ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሲነገሩ ከጥንት ጀምሮ አብረውን የኖሩ ይመስላሉ። ሆኖም አብዛኞቹ አሁን የያዙትን ትርጉም ያገኙት ባለፉት ሰባና ሰማንያ ዓመታት ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት በቦታቸው ሌሎች ቃላት ነበሩ። የእነዚያም ዕድሜ ገና አላለቀም፤ በየቤታችን ጓዳ ጆሮ ሰጥቶ ላዳመጠ ዛሬም ይሰማሉ።

በቀድሞው ኅብረተሰብ ለሌላ ሰው የሚሠራ ሰው ጉልበቱን በሰዓት ወይም በወር ቆርጦ የሚሸጥ አልነበረም። ሎሌ ለጌታው «ያድራል» ይባል ነበር። «ማደር» የሚለው ግሥ ሌሊቱን ማሳለፍን፣ መኖርንና ማገልገልን በአንድነት የያዘ ነው። ለጌታ ያደረ ሰው ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱንም፣ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ሰጥቷል ማለት ነው። በምላሹ ቀለብ፣ ልብስና ማደሪያ ያገኛል፤ ዕድል የቀናው ደግሞ ከብዙ ዘመን አገልግሎት በኋላ ጉልት ወይም ሹመት ያገኛል። የሥራ ሰዓት የሚባል ነገር አይታወቅም። ጌታውን ትቶ ቢሄድ «ለቀቀ» አይባልም፤ «ከዳ» ይባላል። በአንድ ግሥ ለውጥ ውስጥ ምን ያህል የሕግ ለውጥ እንዳለ ልብ ይሏል። ዛሬ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቁ መብቱ ነው፤ ያኔ ግን ክህደት ነበር።

ገባሩ በበኩሉ ለመልከኛው እህል ከመስፈር ሌላ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ይፈጫል፣ ጭነት ይሸከማል። ይህንን ሁሉ የሚያደርገው በስምምነት ሳይሆን በመሬቱ ላይ በመኖሩ ነው። ከሁሉም በታች ባሪያው ነበር። ፍትሐ ነገሥት ስለ ባርነትና ስለ ነፃነት በሚናገርበት ክፍል ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን፣ አንዱን ለሌላው ባሪያ ያደረገው ጦርነት መሆኑን ያስተምራል። ትምህርቱ ይህ ሆኖ ሳለ የባሪያ ንግድ ለብዙ መቶ ዓመታት ቀጠለ። መጽሐፉን የሚያነቡት ሊቃውንትና ባሪያውን የሚያሳድሩት ጌቶች በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር።

ታዲያ በዋጋ የሚሠራ ሰው ጨርሶ አልነበረም ማለት አይደለም። ነበረ፤ ቋንቋችን ግን አልወደደውም። ዋጋውን ተቀብሎ የሚያገለግለው «ምንደኛ» ተባለ፤ ይህም በመንጋው የማይገደውን፣ ተኩላ ሲመጣ ጥሎ የሚሸሸውን እረኛ እያስታወሰ የስድብ ያህል ሆነ። «ቅጥረኛ» የሚለውም ዕጣ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። መቀጠር የሚለው ግሥ ንጹሕ ሆኖ ሳለ «ቅጥረኛ» ሲባል ለገንዘብ ብሎ ወገኑን የሚሸጥ ማለት ነው። በአብዮቱ ዘመን የጋዜጣው ዋነኛ ስድብ ይኸው ቃል ነበር፤ በዚያው ጋዜጣ በሌላው ዓምድ ተቀጣሪው ሠራተኛ ይወደስ ነበር። ደመወዝ ተቀብሎ ማደር ከጌታ ጋር ከማደር ያነሰ ክብር አለው የሚለው አሮጌ ስሜት እንደዚህ ከቃል ወደ ቃል እየተሸጋገረ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ኖሯል።

በእጁ የሚሠራውም ቢሆን የተከበረ አልነበረም። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ምን ይባሉ እንደነበር አንባቢ ያውቃል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ ስለ ደመወዝም ስለ ሰዓትም የሚለው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ስድብ ብቻ ነው። ይሁንና በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በአገራችን የሥራ ሕግ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ሊቆጠር ይገባዋል። ሥራን በዋጋ ለመመዘን አስቀድሞ ሥራ ነውር አለመሆኑን ማወጅ ያስፈልግ ነበርና።

በዚያው ዘመን ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሌላ ዓይነት ሥራ ይዞ መጣ። ሐዲዱ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ለባቡሩ የሚሠራ ሰው ለማንም ጌታ አያድርም። ጌታው ኩባንያ ነው፤ ኩባንያ ደግሞ ፊት የለውም፤ ደጅ አይጠናም፤ ሲቆጣ አይታይም። ፉጨት ሲነፋ ይገባል፣ ሲነፋ ይወጣል፤ ወር ሲሞላ ብር ይቆጠርለታል። ገበሬው በፀሐይ የሚለካውን ቀን ድሬዳዋ በሰዓት መለካት ጀመረች። «ደመወዝ» የሚለው ቃል ከ«ደም»ና ከ«ወዝ» የተገጠመ ነው ይባላል፤ እውነትም ከሆነ ገጣሚው በሐዲዱ ዳር የቆመ ሰው ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ነገሩ ግምት ነው፤ ባለቅኔ ስለሆንሁ ይቅር ይባልልኝ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሕጉ ራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ባርነትን ፈጽሞ የሚያስቀረው አዋጅ ቁጥር 22 በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ወጣ፤ በፋብሪካ ውስጥ ስላለው የሥራ ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 58 ደግሞ በ1936 ተከተለ። በሁለቱ መካከል ያለው የሁለት ዓመት ርቀት አስደናቂ ነው። ሰው ንብረት አለመሆኑ በታወጀ በሁለተኛው ዓመት ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ ጤንነትና ደኅንነት ይደነገግ ጀመር። ሌሎች አገሮች ይህንን መንገድ በትውልዶች ተጉዘውታል፤ እኛ በወረቀት ላይ በሁለት ዓመት ተሻገርነው። በመሬት ላይ ስንት ዓመት እንደወሰደ ሌላ ጥያቄ ነው።

የሥራ ውል የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ በሙሉ አካሉ የተገለጠው ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በሕጉ ቁጥር 2512 እንደተተረጎመው የሥራ ውል ማለት ሠራተኛው በአሠሪው አመራር ሥር ሆኖ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ የጉልበት ወይም የአእምሮ ሥራ ለመሥራት፣ አሠሪው ደግሞ ለዚሁ ደመወዝ ለመክፈል የሚገቡት ግዴታ ነው። በዚህ አጭር ትርጓሜ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተቀምጠዋል፤ ሥራ፣ ደመወዝ፣ አመራር። ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው። ቤቴን የሚሠራልኝ ግንበኛም ይሠራል፣ ዋጋም ይቀበላል፤ ነገር ግን መቼ እንደሚመጣ፣ በምን መሣሪያ እንደሚሠራ፣ ማንን ረዳት እንደሚይዝ የሚወስነው እርሱ ነው። ስለዚህ ተቋራጭ እንጂ ሠራተኛዬ አይደለም። ሠራተኛ የሚባለው ጊዜውንና የአሠራሩን ነገር ለሌላው ትእዛዝ ያስገዛ ሰው ነው።

ከዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ውል በባሕርዩ የእኩዮች ነገር ነው፤ ሁለት ነፃ ሰዎች ተገናኝተው ይስማማሉ። የሥራ ውል ግን ሁለት እኩዮች ተስማምተው አንዱ አዛዥ ሌላው ታዛዥ የሚሆኑበት ውል ነው። በፊርማው ቅጽበት እኩል ናቸው፤ ብዕሩ እንደተቀመጠ እኩልነቱ ያበቃል። ያውም በፊርማው ቅጽበት እኩል ናቸው ካልን ነው፤ አንደኛው የሚያጣው አንድ ሠራተኛ ሲሆን ሌላኛው የሚያጣው የልጆቹን እራት ነውና። ከዚያ ወዲህ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በሙሉ፣ የሰዓት ገደቡም፣ የዓመት ዕረፍቱም፣ ማስጠንቀቂያውም፣ ይህንን ስንጥቅ ለመድፈን የተለጠፈ ጭቃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስንጥቁን አስቀድመው ያዩት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ሃንድልስ ፌርኢኒኺንግ አምስተርዳም የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ ወደ አዋሽ ሸለቆ መጥቶ በወንጂ አገዳ ተከለ፤ ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። ከብዙ አገር የመጣ፣ በብዙ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ በአንድ የአገዳ እርሻ ላይ ተሰበሰበ። ማኅበር ማቋቋም ገና በሕግ ያልተፈቀደ በመሆኑ በወንጂም ሆነ በድሬዳዋ ሠራተኞች መጀመሪያ የተሰባሰቡት በመረዳጃ ዕድር መልክ ነው። ለቀብርና ለሕመም የተዋጣው ገንዘብ፣ ለቀብርና ለሕመም የተጠራው ስብሰባ፣ ቀስ በቀስ ስለ ደመወዝም ይነጋገርበት ጀመር። የሠራተኛ ማኅበር ከአውሮፓ ተገልብጦ የመጣ ነገር ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ መልስ ይሆናቸዋል። ስሙ ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ ሙያው ግን ከቀባሪ ዕድር የተማረ ነው።

በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሥራ ዘርፍ የመሰማራትና ለዚሁም በሕግ መሠረት ማኅበር የመመሥረት መብት እንዳለው ይናገር ነበር። «በሕግ መሠረት» የተባለው ሕግ ግን እስከ 1954 ዓ.ም. አልወጣም። በነሐሴ 1954 የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ ቁጥር 49 ወጣ፤ እርሱም በ1956 አዋጅ ቁጥር 210 ሆነ። በመካከሉ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ከወንጂ የወጣው አበራ ገሙ ነበር። በዚያው ዓመት አገሪቱ ስለ መደራጀት ነፃነትና ስለ ኅብረት ድርድር የሚናገሩትን የዓለም ሥራ ድርጅት 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች አጸደቀች። ሕጉ ግን ማኅበር የሚፈቅደው 50 ሠራተኛ ላለው ድርጅት ነበር። ኻያ ሰው የሚሠራበት ዳቦ ቤት፣ ሠላሳ ሰው ያለው ጋራዥ ከቁጥር ውጪ ቀሩ።

ይሁን እንጂ ሁለት አዳዲስ ጽንሰ ሐሳቦች በዚህ ጊዜ ገቡ። አንደኛው የኅብረት ስምምነት ነው። አንድ ሠራተኛ ብቻውን ከአሠሪው ጋር ሲዋዋል ያጣውን እኩልነት ሠራተኞች በአንድነት ቆመው ሲደራደሩ በከፊል ያገኙታል። ሁለተኛው ሥራ ማቆም ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ የቃሉ ነገር ይመጣል። በተራው ሰው አነጋገር ሥራ ማቆም «አድማ» ነው። አድማ ግን በአማርኛ አስቀድሞ ሤራ፣ በምሥጢር መመሳጠር ነበር። «አድመኛ» መባል ከ«ወንበዴ» ብዙ የራቀ አልነበረም። ስለሆነም ሕጉ መብት ብሎ የጻፈውን ነገር ሕዝቡ የሚጠራበት ቃል ወንጀል አድርጎ ያሳየው ነበር። ሕግ አውጪዎች «ሥራ ማቆም» የሚለውን ቀዝቃዛ ሐረግ መምረጣቸው ትክክል ነበር፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም።

የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የአንድነት ማኅበሩ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያ የሆነውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም ጠራ። ለጥቂት ቀናት ፋብሪካው፣ ባቡሩ፣ ባንኩ ጸጥ አለ። የአንድ ሥርዓት መሠረት የሚያመርተው እጅ መሆኑን በዝምታ ከማሳየት የበለጠ ድራማ አላውቅም፤ ተውኔት ጸሐፊ እንደመሆኔ ምቀኝነት ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለሠራተኛው ብዙ ቃላት ሰጠው። «ወዝ አደር»፣ «ላብ አደር»፣ «ሠርቶ አደር» ተባለ፤ አንድ ሰው «ላብ» ማለቱ ወይም «ወዝ» ማለቱ በየትኛው ወገን እንደሚቆም ያሳብቅበት ነበር። «አደር» የምትለዋ አሮጌ ቅጥያ እንደገና እንደተመለሰች አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም፤ ልዩነቱ አሁን ሰው የሚያድረው ለጌታ ሳይሆን በላቡ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ከፍ ባለበት ወራት ድርጅቱ ወደቀ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ በራሪ ጽሑፍ በማሠራጨት ሰበብ ሠራተኞች በጥይት ተገደሉ፤ ወዲያው የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። በኅዳር 1968 አዋጅ ቁጥር 64 ሲወጣ የቀድሞው አንድነት ማኅበር ፈረሰ። በምትኩ በ1969 የቆመው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር የመጀመሪያ ሊቀ መንበሩን ቴዎድሮስ በቀለን በዚያው ዓመት በግድያ አጣ። አዋጁ ራሱ ሠራተኛውን ከዘፈቀደ ስንብት በመጠበቅ ረገድ ከቀድሞው የተሻለ ነበር፤ ይህንን አለመናገር ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን የሠራተኛውን መብት ሠራተኛው ራሱ እንዲጠይቀው ያልተፈለገበት ጊዜ ነበር።

ስለ ኋለኞቹ አዋጆች በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። አዋጅ ቁጥር 42 በ1985፣ ቁጥር 377 በ1996፣ ቁጥር 1156 በ2011 ዓ.ም. ወጡ። ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገው ቁጥር በመጀመሪያው ወደ 20፣ በሁለተኛው ወደ 10 ወረደ። በ2011ዱ አዋጅ የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ሆነ፤ አባትም 3 ቀን አገኘ። ከአንድ ዓመት ያልበለጠ አገልግሎት ላለው ሠራተኛ የአንድ ወር፣ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ የሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ለሠራ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አርቲስቶች ልብ እንዲሉት የምፈልገው ግን አንድ ነገር አለ። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም የሚባለው ሐሰት ነው። ሕጉ ለውሉ የተለየ አቀራረጽ አይጠይቅም፤ በቃልም ይጸናል፤ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ መግለጫ የመስጠት ግዴታ አለበት። ጊዜው ካልተወሰነም ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል።

ይህንን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስሙን የማልጠራው አንድ የግል የቴአትር ቡድን ተዋንያኑን ሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሲያስጠና፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ሲወስን፣ በቀረ ሰው ላይ ቅጣት ሲቆርጥ ኖሮ ትርኢቱ ሲቋረጥ «እናንተኮ ቤተሰብ ናችሁ እንጂ ሠራተኞች አይደላችሁም፤ ነፃ ባለሙያዎች ናችሁ» ብሎ አሰናብቷቸዋል። ከተዋንያኑ አንዱም አልከሰሰም። ተቋራጭ መሆንና ሠራተኛ መሆን የሚለየው በአመራሩ እንጂ በተሰጠው ስም እንዳልሆነ የነገራቸው አልነበረም። «ቤተሰብ» የምትለው ቃል ግን አፋቸውን ዘጋችው።

በዚህች ቃል ምክንያት ወደ ራሴ ቤት ልመለስ።

ከላይ የተጠቀሱት ሦስቱም አዋጆች ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ከሽፋናቸው ውጪ አድርገዋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ይላሉ፤ ከአዋጅ ወደ አዋጅ ይኸው ሐረግ ተሸጋግሯል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአሠሪው ቤት ስለሚኖር የቤት ሠራተኛ ጥቂት ቁጥሮች አሉት፤ ጓዳ ውስጥ ግን ማን ያነባቸዋል? በሌላ በኩል በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለዚሁ ሥራ ወደ ዓረብ አገር ለምትሄድ ሴት ሞዴል የሥራ ውል እንዲኖር፣ አገሮቹም የሁለትዮሽ ስምምነት እንዲፈራረሙ ያዝዛል፤ ሲወጣ 8ኛ ክፍልን እንድታጠናቅቅም ያዝዝ ነበር። ድንጋጌው መልካም ነው፤ በዚያ የደረሰባቸውን መከራ የማያውቅ የለም። ቢሆንም ሪያድ ላይ ወጥ የምትሠራው ሴት ውል እንዲኖራት የሚደነግገው አገር አዲስ አበባ ላይ ወጥ ለምትሠራው እህቷ የሚሰጣት ወረቀት የለውም።

በ1981 ዓ.ም. ይህ ጸሐፊ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ከወሎ አንዲት ልጅ ወደ ቤታችን መጣች። ከእኔ ብትበልጥ በአምስት ዓመት ነው። እናቴን «እትዬ» ትላት ነበር፤ እናቴም «ልጄ» ትላት ነበር፤ ሁለቱም የሚሉትን ከልባቸው ይሉት ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔን አዝላለች፣ ልብሴን አጥባለች፤ ፈተና ሳጠና ኩራዝ ይዛ አብራኝ አምሽታለች። ፊደል የቆጠረችው ከእኔ ደብተር ነው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ልብስ ይገዛላት ነበር። ከዚያ ሌላ ምን እንደሚሰጣት አልጠየቅሁም፤ የሚጠየቅ ነገር መሆኑንም አላውቅም ነበር።

በ1995 ቤይሩት ለመሄድ ተነሣች። ደላላው የሥራ ልምድ የሚያሳይ ወረቀት ጠይቋት ስለነበር እናቴ እኔን ጠርታ «አንተ ተማሪ ነህ፣ ጻፍላት» አለችኝ። በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ ነበር፤ ግጥም እጽፍ ነበር፤ ብዕር አልቸገረኝም። ስሟን ጻፍሁ። «ምን ሆና ነበረች ልበል?» ብዬ ብጠይቅ እናቴ «ልጃችን ናት በል» አለች። «እትዬ፣ ልጅ ከተባልሁማ ልምድ አይሆነኝም» አለች እርሷ፣ መሬት መሬት እያየች። «የቤት ሠራተኛ» ብዬ ጻፍሁ፤ ቃሉ በዚያ ቤት ስለ እርሷ ሲነገር ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር። የአገልግሎት ዘመን 14 ዓመት። ቀጥሎ «የወር ደመወዝ» የሚል መስመር ነበር። ወደ እናቴ ቀና አልሁ። እናቴ ወደ እርሷ አየች። እርሷ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፤ ውኃ ስታወርድ ተሰማን።